ጉሙን አትግፈፈው

ልጄ፣ ባለፈው የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ሚሽኑን ትቼ ዝም ብዬ መሄድ ብቻ ነው የሚያምረኝ፤ ጤነኛ ነኝ?» አልከኝ፤ እኔም ስቄ አለፍኩህ። ካዛንቺስ ውስጥ ለስንት ዓመት ፕሌይስቴሽን ቤት የነበረኝ ሰው ነኝና እንዳንተ ያለውን ልጅ አውቀዋለሁ።

አብዛኛው የሚመጣው ለኳስ ነበር። ይጋጠማል፣ ይሰዳደባል፣ ተሸናፊው ከፍሎ ይወጣል። አንዱ ግን ሁሌ ጥግ ያለችውን ቴሌቪዥን ይዞ ሳን አንድሪያስ የሚባለውን ጨዋታ ያስከፍት ነበር። ሰው ላይ አይተኩስ፣ ምን አይል! ብስክሌት ያገኝና ከከተማው ወጥቶ ቺሊያድ የሚባለውን ተራራ ይያያዘዋል። በዚያ ጨዋታ ገና ያልተከፈተልህን አገር ከረገጥክ ፖሊስ በአራት ኮከብ ይከተልሃል፤ እሱ እየተባረረም ይሄዳል። አንድ ቀን ጫፉ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሰዓቱ አለቀ። «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ!» አለኝ። በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ነበር፤ አጠፋሁበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ ምን ይፈልግ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ሳን አንድሪያስ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 2 ሩቁን ሁሉ አጥርቶ ለማሳየት አቅም አልነበረውም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ሩቁን በጉም ሸፈኑት። በ2021 ታድሶ ሲመጣ ጉሙ ተገፈፈ። ተራራው ላይ ስትወጣ ከተሞቹ ከዳር እስከ ዳር ቁልጭ አሉ። ተጫዋቹ ደስ ይለዋል ስትል፣ ያ ሁሉ አገር ይህችው ኖሯል እንዴ ብሎ ተናደደ። መሬቱ እኮ ስንዝር አልተቀነሰም!

እኔም በ2017 ዓ.ም. ይኸው ደረሰብኝ። ካዛንቺስ ፈርሶ እናንተም ገላን ጉራ ከገባችሁ በኋላ ኡራኤል ጋ ቆሜ አሻግሬ አየሁ። በልጅነቴ ቂርቆስ አክስቴ ጋ ስላክ በሄድኩበት መንገድ ተመልሼ አላውቅም ነበር። ቆርቆሮ አጥር እየታከክን በጎናችን የምንሾልክበት ቀዳዳ፣ በሰው ግቢ ገብተን በሌላ ሰው ግቢ የምንወጣበት ጉራንጉር፣ ውሻ ያለበት፣ ጠላ ቤት ያለበት። ያ ሁሉ አንድ ጊዜ ዓይን ጣል ተደርጎበት የሚያልቅ ሜዳ ሆኖ ተኝቷል። (ሽንት ቤቱን ለስንት አባወራ እንጋራው እንደነበር አልረሳሁም፤ ናፍቆት ያሳስታል።) የካዛንቺስ ስም ራሱ የመጣው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበር። ሰፈሩን ያሰፉት ግን እነዚያ ቤቶች ሳይሆኑ ኋላ በየጓሮው የተቀጠሉት ናቸው።

የጃፓን ጨዋታ ሠሪዎች፣ የተደበቀ አገር እንደሚሰፋ ቀድመው ነቅተውበታል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዜልዳ ጨዋታ ሲሠሩ ኮረብታውን ሁሉ እንደ ሦስት ማዕዘን ነው ያቆሙት። ከጀርባው ያለውን ይደብቅሃል፤ ወይ ትወጣዋለህ ወይ ትዞረዋለህ። ስፋቱንም ሲለኩ የጨዋታውን ካርታ በኪዮቶ ካርታ ላይ አንጥፈው፣ ከዚህ ከምናውቀው ቦታ እዚያ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል እያሉ ነው። በገዛ ሰፈራቸው እግር ለኩት ማለት ነው። በአንጻሩ ኖ ማንስ ስካይ የሚባለው ጨዋታ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ከ18 ኋላ 18 ዜሮ የተደረደረበት የፕላኔት ቁጥር ይዞ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ሁሉም ተመሳሰለበትና ጥሎት ወጣ። ጨዋታው የተሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁጥር እየጠሩ «የኛ ካርታ ይበልጣል» ሲሉህ ብርህን ቶሎ አታውጣ።

አንተ ጤነኛ ነህ። ብቻ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ካርታ ሴቲንግ ገብተህ አጥፋት፤ ቀስቱን ስትከተል ውለህ የምታየው ቀስቱን ነው። ኮድም ይቅርብህ። ኮዱን ደብተር ላይ ገልብጦ መጥቶ፣ ጄትፓክ አውጥቶ ሲበር የዋለ ልጅ በሁለተኛው ቀን «ጨረስኩት» ብሎ ወደ ኳሱ ሲመለስ አይቻለሁ። ሌሊቱን ደግሞ ለጨዋታ አትስጥ፤ ሴቭ አድርገህ ተኛ፣ ተራራው የትም አይሄድም። እኔ ቤት ሜሞሪ ካርድ የሌለው ልጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሀ ይጀምር ነበር።

እናትህ ከትምህርት ቤት በቀር የትም አትወጣም አለችኝ። አንተም «እዚህ ምን አለና» አልክ። ባለፈው ስመጣ ከአጥራችሁ ጀርባ አንዲት የእግር መንገድ ታጥፋ ስትሰወር አየሁ፤ ወዴት እንደምትወስድ እናትህን ብጠይቃት አላወቀችም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፤ ሰዓት አልቋል የሚልህ የለም።