ጸንቶ የሚያገለግል ሠራተኛ ምን ይገባዋል?

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በተመደበበት ሩቅ ስፍራ እንዲቆይ ከመደበኛ ደመወዙ በላይ የማቆያ አበል ቢከፈለው ፍትሕ ነውን? ወይስ ታማኝነትን በገንዘብ መግዛት? ጥያቄው የበጀት ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ነው።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ራቅ ብለው በጉና ተራራ አቅጣጫ የሚገኙትን የእስቴ ቀበሌዎች እናስብ። ነርሷ ወይም መምህሩ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የሚጐዱት ምጥ የያዛት እናትና ትምህርቱ የተቋረጠበት ሕፃን ናቸው። ሆኖም በሄደው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሚገኙ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ለኑሮ አልበቃ ብሏቸው በከፊል ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህም ቤተሰብ ላለው ሰው ጠባብ ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፥ ሠራተኛው በውል ስለ ተስማማ ብቻ ደመወዙ ትክክል ነው እንደማይባልና ለኑሮው ሊበቃው እንደሚገባ አስተምረዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ደመወዝ ቤተሰብን የሚያኖር መሆን እንዳለበት አስገንዝበዋል። እንግዲህ የሚገባውን ነፍጎ ጥቂቱን በማቆያ ስም መመለስ ችሮታ አይደለም። ተገቢው ደመወዝ ከተሟላ በኋላ ግን የስፍራውን ችግርና ከቤተሰብ መለየትን መካስ ፍትሕ ነው።

ነገር ግን አንድ ስውር በደል አለ። አበሉ «እለቃለሁ» ለሚለው ብቻ ከተሰጠ፥ ዝም ብሎ የሚያገለግለው ይቀጣል። ከ20 ዓመት በላይ ባስቆጠረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያሉት እኅቶች በአብዛኛው የተመለመሉት ከሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል ነው። «የትም አይሄዱም» ተብለው ቢታለፉ፥ ለወገናቸው ያላቸው ፍቅር በእነርሱ ላይ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። በወይኑ ቦታ ምሳሌ (ማቴ. 20) ባለቤቱ ለኋለኞቹ ቸር የሆነው የፊተኞቹን ዋጋ ሳያጐድል ነው። ስለዚህ አበል የሚከፈለው ለስፍራውና ለሸክሙ እንጂ ለዛቻው መሆን የለበትም፤ ሸክሙን የተሸከሙ ሁሉ ይካፈሉት።

ምንደኛ እረኛ ተኵላ ሲመጣ እንደሚሸሽ ጌታችን አስተምሮናል (ዮሐ. 10)። ገንዘብ ሰውን በስፍራው ያቆያል፤ እረኛ ግን አያደርገውም። ልቡን የሚያቆየው ወገን ሆኖ የሚቀበለው ሕዝብ ነው። እዚህ ላይ እኛም ተጠያቂዎች ነን። ደመወዝ ተጨመረ በተባለ ማግስት በመምህሩና በነርሷ ላይ የቤት ኪራይ የምንጨምር ከሆነ፥ መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን እኛ በሌላው እጅ ነጥቀናል። ሠራተኛው እንዲቆይልን የምንሻ ሁሉ በቅድሚያ በገዛ ቤታችን ደጃፍ ፍትሕን እናድርግ።