መርዶ ነጋሪና ለቅሶ ደራሽ

አባቴ በሰፈራችን መርዶ ሲኖር ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲወጡ እናቴ «ደግሞ ዛሬ የማን ቤት ይሆን?» እያለች ታማትብ ነበር። መርዶ ሥርዓት አለው። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ በአጠገብ ሳይኖር አይነገርም። አባቴ ታዲያ ነግረው አይመለሱም፤ እስከ ሣልስት ድረስ ከለቅሶው ቤት አይጠፉም ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደየሥራቸው ሲሄዱ እርሳቸው ለምን እንደሚቆዩ ብጠይቃቸው «ነግሮ መሄድማ ደብዳቤም ይችላል» አሉኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ስለ ጦርነት የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ነው። አንባቢ ይፍቀድልኝና ከእርሱ ተነሥቼ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረውን ጥያቄ ላንሣ። ጦርነትን በዜና ማየትና በዘጋቢ ፊልም ማየት ልዩነቱ ምንድን ነው? እውነቱን የሚነግረንስ የትኛው ነው?

የካቲት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. በዩክሬኗ የወደብ ከተማ በማሪዩፖል አንድ የማዋለጃ ሆስፒታል በሩሲያ የአየር ጥቃት ተደበደበ። አንዲት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተይዛ በፍርስራሹ መካከል ስታልፍ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ። እኔም በምሽት ዜና አየሁት። ሃያ ሰከንድ ቢሞላ ነው። ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ቀጥሎ ስለ ነዳጅ ዋጋ ተወራ፤ እራት ቀረበ፤ በላሁ።

ፊልሙን ያየሁት ዘግይቼ ነው። «20 ቀናት በማሪዩፖል» ይባላል። የሠራው ምስቲስላቭ ቸርኖቭ የአሶሽየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ከተማዋ የገባው ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር። ያች በቃሬዛ የምታልፈው ሴት በፊልሙም ውስጥ አለች። አሁን ግን ከእርሷ በፊት የሆነውን አይቻለሁ፤ መብራት፣ ውኃና ስልክ የተቋረጠባትን ከተማ፣ በየምድር ቤቱ የታጨቀውን ሕዝብ፣ ሕፃን ለማዳን ታግሎ ያቃተውን ሐኪም። ከእርሷ በኋላ የሆነውንም እሰማለሁ፤ እርሷም በማሕፀኗ የነበረውም አልተረፉም። ፊልሙ በዚህ ሳያበቃ፣ ከዚያች ከተማ የወጣውን ምስል የዓለም ቴሌቪዥኖች እንዴት ቆራርጠው እንዳሰራጩት መልሶ ያሳያል። እኔ ማዕድ እስኪቀርብ የተመለከትኩት ያችን ቁራጭ ኖሯል።

ልዩነቱ እንግዲህ የእውነትና የሐሰት አይደለም። ዜናው አልዋሸም። ልዩነቱ የመቆየትና ያለመቆየት ነው። ዜና መርዶ ነጋሪ ነው፤ ዘጋቢ ፊልም ለቅሶ ደራሽ ነው። ዜና ስንት ሰው እንደሞተ ይነግረናል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ሟቹ እንዴት እንደሞተና ማን አጠገቡ እንደነበረ ይሰማል።

የቆየ ሰው የራሱንም ስሕተት ያያል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት መንገድ ላይ እያለቀሰች ወዴት እንደምትሄድ ቸርኖቭን ትጠይቀዋለች። እርሱም ሰላማዊ ሰው ላይ አይተኩሱም፣ ቤትሽ ግቢ ይላታል። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሯ ተደበደበ። በኋላ በመጠለያ ውስጥ ሲያገኛት ይቅርታ ይጠይቃታል። ይህን የመሰለ ነገር በዜና ውስጥ ቦታ የለውም፤ ዜና ነጋሪው የሚናዘዝበት ጊዜ አይሰጠውም።

«እንግዲያው ዜና ይቅርብን» የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ቸርኖቭና ባልደረቦቹ በዚያ ከበባ ውስጥ ኔትወርክ የሚገኝበትን ጥግ እየፈለጉ ምስሉን በቁራጭ በቁራጭ የላኩት፣ ነገሩ ለነገ የማይባል ስለሆነ ነው። የሩሲያ ባለሥልጣናት የሆስፒታሉ ጉዳይ የተቀነባበረ ድራማ ነው ብለው ሲክዱ ምስሉ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ዓመት ቆይቶ ቢወጣ ኖሮ ክህደቱ ሥር ሰዶ ይጠብቀው ነበር።

ለቅሶ ደራሹም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። አባቴ አልቃሽ አይወዱም ነበር፤ እንባ ለማውጣት ሲባል ሟች ያልሆነውን ይሆናል። በአገራችን ከዚህም የባሰ አይተናል። ጉዳዩ የረሃብ እንጂ የጦርነት ባይሆንም ለነገራችን ይጠቅማልና ልጥቀሰው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የብሪታንያ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሊያወርድ ሌሊቱ ሲቀረው፣ በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን አጋጥሞ የሰፋው እጅ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። ስለዚህ ፊልም ረዘመ ማለት እውነት ሆነ ማለት አይደለም። ዜና ሠሪ በችኮላ የሚሳሳተውን ፊልም ሠሪ ተረጋግቶ፣ አስቦበት ሊዋሸው ይችላል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሩቅ አገር ለቅሶ እያወራሁ መሆኔ ያሳፍረኛል። ማሪዩፖል ስትደበደብ በእኛም አገር በሰሜን፣ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ሰው የጨረሰው ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጧል። የዩክሬናዊቷን ቃሬዛ ያየሁ እኔ፣ ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ ወንድም በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። እርሷም አታውቅም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳ አንድ ዓመት ጠበቀች። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለቤተሰቦች መርዶ ሲነገር የእርሷም ደረሰ። እኔም እንደ አባቴ እስከ ሣልስት ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደማጽናናት ግን ጠፋኝ። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፤ የት ወደቀ? ማንስ ነበር አጠገቡ? የነገሯት ሰዎች ስሙን እንጂ ይህን አያውቁም።

ከወራት በኋላ ስለዚያ ፊልም አጫወትኳት። ቸርኖቭ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኦስካር ሲሸለም ምነው ይህን ፊልም ባልሠራሁት ኖሮ ማለቱንም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ የእኛንስ የቀረጸ ሰው ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

«ቢኖር ታዪዋለሽ?»

«እኔስ አላየውም። መኖሩን ግን እፈልጋለሁ፤ አልሆነም እንዳይሉኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄውን የማነሣው በተመልካች በኩል ነበር፤ የቱ ይበልጥ ልቤን ይነካል፣ የቱ ይበልጥ ያስተምረኛል እያልኩ። እርሷ ተመልካቹን ከነገሩ አወጣችው። ለሟች የሚገባው መጀመሪያ የእኔ እንባ አይደለም፤ በአጠገቡ የነበረ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚመሰክር ሰው ነው። ዜናውም ፊልሙም የሚመዘኑት በዚህ ይመስለኛል። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ቢያንስ የሰማነው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። መርዶ መስማት ለቅሶ መድረስ አይደለም። እኔ ያን ምሽት ከንፈሬን መጥጬ እራቴን የበላሁት ለቅሶ የደረስኩ መስሎኝ ነበር።