ሽበት ከቂርአት ያግዳልን?

በየመስጂዱ በር የሚለጠፉ የቂርአት ማስታወቂያዎችን ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ አብዛኞቹ የሚጠሩት ልጆችን ነው። አዛውንቱስ? «ከእንግዲህ ተምረው ምን ሊሠሩበት?» የሚል አይጠፋም። ይህ አባባል ዕውቀትን የእንጀራ መፈለጊያ ብቻ ያደርገዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ሲጀምርላቸው 40 ዓመታቸው ነበር፤ የመጀመሪያው ቃልም የመቅራት ትእዛዝ ነው። እየተንተባተበ፣ እየከበደው ቁርአን ለሚቀራ ሁለት ምንዳ እንዳለው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

እናቶቻችንን የሚያስቀራቸው እርጅና ሳይሆን ሐፍረት ይመስለኛል። ከልጅ ልጅ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አሊፍ ማለት ቀላል አይደለም! በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቱን ሽማግሌ ፊደል አስቆጥሯል። እኛስ የብቻቸው ሰዓት፣ ጎላ ያለ ጽሑፍና ታጋሽ ኡስታዝ ማዘጋጀት ያቅተናል? ማስታወቂያውም ተለጥፎ ብቻ አይቅር፤ ማንበብ ላልቻሉት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በድምፅ ማጉያ ይነገርላቸው።