ከአነጋገር ይፈረዳል

የእኅቴ ልጅ፣ ሰኞ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። እሰየው! ቃል ይቸግርሻል ብዬ አልሰጋም፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምረሻል። ግን ልጄ፣ ያ ፈተና የሚታለፍበት እንግሊዝኛ ነው። ከማያውቁት ሰው ውሃ የሚጠየቅበት፣ አለቃ ፈቃድ የሚለመንበት ሌላ ነው። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ቋንቋውን አስተማርኩ፣ እዚህ ዋሽንግተን መጥቼ ደግሞ ታክሲ ስነዳ ኖርኩ፤ የበለጠ የተማርኩት ከኋላ ወንበር ከሰማሁት ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶች። የኛ ሰው እዚህ የሚፈረድበት ባለጌ ሆኖ አይደለም። በአማርኛ አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ለሽማግሌው «ይስጡኝ»፣ ለጓደኛሽ «ስጪኝ» ትያለሽ፣ አለቀ። በዚያ ላይ «እስቲ» ትገባለች፣ «የኔ እመቤት» ትከተላለች፣ ድምፁም ይለሰልሳል። እንግሊዝኛው ግን ሰውን በአንተና በአንቱ መለየት ከዕለት ንግግሩ ካስወጣ ዘመናት አልፈዋል፤ ዛሬ ፕሬዚዳንቱም ጽዳት ሠራተኛውም «ዩ» ናቸው። አክብሮቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «ጊቭ ሚ ዎተር» ስትይ አንቺ በልብሽ «እስቲ ውሃ ስጪኝ» ብለሻል፤ ሰሚዋ የሰማችው ግን ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ» ብትጨምሪበትም ትእዛዝነቱ አይለቀውም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ «ፕሊዝ» ሁሉን የምታስተካክል ይመስለናል።

እነሱ ዘንድ ጨዋነት ማለት ተጠያቂው «አይሆንም» የሚልበትን በር ገርበብ አድርጎ መተው ነው። ለቡና ቤት «ካን አይ ሃቭ ሰም ዎተር፣ ፕሊዝ?» ይበቃል። ሰውየውን ካላወቅሽው «ኩድ ዩ» ብለሽ ጀምሪ። ነገሩ ከከበደ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይኬዳል፤ «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ» ይባላል። ይህ እንግዳ እንዳይሆንብሽ። አያትሽ ጎረቤት ሄደው «አንድ ነገር ላስቸግርዎ ብዬ ነበር» ሲሉ አልሰማሽም? አሁን ቆመው እየለመኑ «ነበር» ማለታቸው ለባለቤቱ መተንፈሻ ለመስጠት ነው። ሐበሻም ፈረንጅም እዚህ ላይ አንድ ነው።

ፔነሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ ምሁራን ስለ ጨዋነት በጻፉትና በ1987 (እ.ኤ.አ.) በታተመው መጽሐፋቸው የልመናን ክብደት በሦስት ነገር ይመዝኑታል፤ በሁለቱ ሰዎች ቅርበትና ርቀት፣ በሥልጣን ልዩነት፣ በሚጠየቀው ነገር ትልቅነት። እናቶቻችን ይህን ሳያነቡ ያውቁታል፤ ጨው ለመበደርና በሬ ለመዋስ በአንድ ዓይነት አፍ አይኬድም። ስለዚህ ለእስክሪብቶ ብለሽ «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ» አትበይ፣ ያስቃል።

«ዉድ ዩ ማይንድ» የምትለዋን ተጠንቀቂያት። «ይከብድዎታል?» እንደ ማለት ስለሆነች መልሱ «ኖ» ከሆነ እሺ ማለት ነው፤ ደንግጠሽ እንዳትመለሺ። በአሉታ ሲጠይቁሽም እንዲሁ ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ፔን?» ሲሉሽ በአማርኛው ልማድ «አዎ፣ የለኝም» ለማለት «የስ» ካልሽ፣ እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶ ይጠብቃሉ። ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልባት ነገርም እዚህ አትሠራም፤ የደነገጥሽ ይመስላቸዋል። ሳትሰሚ ስትቀሪ «ዎት?» አትበይ። አገር ቤት ልጅ ሲጠራ «ምን?» ቢል እናቱ እንዴት እንደምትቆጣው ታውቂያለሽ፤ የ«አቤት?»ን ቦታ «ሶሪ?» ትተካልሻለች።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። እኛ ልመናን ማስቀደም ነውር ይመስለናል። ጤና እንጠይቃለን፣ ልጆች፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ቡናው ይፈላል፣ ሦስተኛው ይጠጣል፤ ጉዳያችን የሚወጣው ልንሄድ በሩ ላይ ቆመን ነው። እዚህ ይህን ካደረግሽ አለቃሽ ምን እንደፈለግሽ ሳታውቅ ሰዓቷን ታያለች። «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ሚኒት?» በያት፣ ካላት ወዲያው ጉዳዩን አውጪው፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሺ። ለምሳሌ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሴ ልትሄጂ ነው እንበል። በዓላችን ብዙ ጊዜ ከነሱ ጋር ስለማይገጥም የመሥሪያ ቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ አታገኚውም። ከሳምንታት በፊት ቀኑን ጠቅሰሽ፣ በዚያ ቅዳሜ ማታ የሚተካሽ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። ዕለቱ ሲደርስ የመጣ ልመና፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ከባድ ነው።

እምቢታቸውንም ማንበብ ልመጂ። «አይ ዊሽ አይ ኩድ» ካሉሽ አይሆንም ማለት ነው። «ኖ ዎሪስ፣ ታንክስ ኤኒዌይ» ብለሽ አልፈሽ ሂጂ። «በሞቴ» ብሎ ሦስቴ መለመን አገሩ ቀርቷል። በተቃራኒው፣ ምግብ ሲያቀርቡልሽ በይሉኝታ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካልሽ ሳህኑ ይነሳል፤ ሁለተኛ የሚያጎርስሽ የለም። ከራበሽ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሺ በይ። ስንት ሐበሻ ጾሙን ወጥቷል ከፈረንጅ ግብዣ!

አለቆች ደግሞ ትእዛዛቸውን በጥያቄ ልብስ ያለብሱታል። አለቃሽ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዚስ» ስትልሽ ምርጫ የሰጠችሽ እንዳይመስልሽ፤ አስተካክይው ማለቷ ነው። «ኩድ ዩ ፕሊዝ» ብላ «ፕሊዝ»ዋን ከረገጠቻት ደግሞ ተቆጥታለች። ቃሉን ትተሽ ድምፁን አድምጪ።

ስለ ጥያቄ ካነሳን፣ ደመወዝ፣ ዕድሜ፣ ለምን አላገባሽም፣ ለምን አልወለድሽም የሚባል ነገር በሥራ ቦታ አይጠየቅም። «ወፈርሽ» ማለትም እዚህ ምርቃት አይደለም። «መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል» የተባለው ለዕውቀት ነው። ሥራው ካልገባሽ ግን አፍረሽ ዝም እንዳትዪ። «ኩድ ዩ ሾው ሚ ወንስ ሞር?» ማንንም አያስቀይምም፤ ገባኝ ብሎ ማበላሸት ነው የሚያስቀይመው።

ይህ ሁሉ ለስላሳ አነጋገር የማይሠራበት ቦታም አለ። ለአደጋ ጊዜ ወደ 911 ስትደውዪ «ይቅርታ፣ ላስቸግራችሁ» አይባልም። «አይ ኒድ ኤን አምቡላንስ»፣ ከዚያ አድራሻ። ሐኪም ፊትም እንዲሁ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የኛ ሰው ሐኪሙን ላለማስቸገር ብሎ «ትንሽ ነው፣ ደህና ነኝ» ሲል በሽታው ሥር ይሰድበታል። የት እንደሚያምሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል እንደሆነ ሳታሳንሺ ተናገሪ።

እናትሽን ሐኪም ቤት ስትወስጂ አስተርጓሚዋ አንቺ አትሁኚ። የመድኃኒት ስም ብትስቺ ጉዳቱ የእሷ ነው፣ እናትም ለልጇ የማትነግረው ሕመም አላት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱም በ1964 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለከተማው መሥሪያ ቤቶች የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፣ አማርኛም በዚያ ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮውን ስትይዢ ገና በስልክ «ኩድ ዊ ሃቭ ኤን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ?» በይ። አጠያየቁ የለመድሽው ትሕትና ነው፤ የምትጠይቂው ግን መብትሽን ነውና «የለንም» ቢሉሽ «ታንክስ ኤኒዌይ» ብለሽ ስልኩን አትዝጊ። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲያገናኙልሽ ጠይቂ፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምም ጻፊ።