የተወደደ አልበም ዋጋው ከየት ይመጣል?

አንድ የሮክ አልበም ለአንድ አድማጭ ከሌሎች ሁሉ በልጦ ሲወደድ፣ ዋጋው በራሱ በሥራው ውስጥ ያለ ነው ወይስ አድማጩ የሚሰጠው? ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው የጣዕም መለኪያን በሚመረምር ድርሰቱ፣ የውበት ፍርድ ከስሜት ቢመነጭም ልምድ ያለውና ከአድልዎ የጸዳ ዳኛ የተሻለውን ከዝቅተኛው መለየት እንደሚችል ተከራክሯል። ኢማኑኤል ካንት ደግሞ በ1790 ደስ የሚያሰኘውን ከውቡ ለየ። ወይን ጠጅ የጣመው ሰው «ለእኔ ጣመኝ» ብሎ ያበቃል፤ አንድን ነገር ውብ ነው ያለ ሰው ግን ሌላውም እንዲስማማበት ይጠብቃል። የተወደደ አልበም ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አይመደብም። ወዳጁ «እስቲ አድምጡት» እያለ ሰው ስለሚወተውት ነገሩ የግል ምርጫ ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው አልበሙን አድንቆ ሳይወደው ቢቀር ግን ጥፋተኛ ነው አይባልም።

ጉዳዩ በምሳሌ ይበልጥ ይጠራል። የእንግሊዙ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የተሰኘውን አልበም ለንደን አቢ ሮድ ላይ በሚገኘው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ቀርጾ በማርች 1973 አወጣ። አልበሙ እስከ 1988 ድረስ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ በድምሩ 741 ሳምንታት ቆይቷል። ይህ ቁጥር ሥራው ለብዙ ሰው እንደ ደረሰ ያሳያል እንጂ አንዱ አድማጭ ለምን «የኔ» እንደሚለው አይገልጽም። ለዚያ አሠራሩን ማየት ያሻል። በሸክላው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያሉት ዘፈኖች ያለ ክፍተት እርስ በርስ ይያያዛሉ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሞት በተሠራ ዜማ ያበቃል፤ አድማጩ ተነሥቶ ሸክላውን ሲገለብጠው ሁለተኛው በሳንቲም ኳኳታ ይጀምራል። መግቢያውም መዝጊያውም የልብ ምት ነው። ግጥሙን የጻፈው የባንዱ አባል ሮጀር ዋተርስ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የመረጣቸው ጉዳዮች ግን የጊዜ ማለፍ፣ ገንዘብ፣ እብደትና ሞት ናቸው።

እንዲህ ያለ ሥራ 43 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ቅርጽ የተሰጠው ጊዜ ነው። የሂፖው አውጉስጢኖስ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ 11ኛ ክፍል፣ የሚያውቀውን መዝሙር ሊያዜም የተነሣን ሰው ምሳሌ ያደርጋል። ሳይጀምር መዝሙሩ በሙሉ በተስፋ ውስጥ ነው፤ እያዜመ ሲሄድ ከተስፋው እየቀነሰ ወደ ትዝታ ይሻገራል። አውጉስጢኖስ ይህ በሰው ሙሉ ዕድሜም የሚፈጸም ነው ይላል። አልበሙን በቃሉ የሚያውቅ አድማጭም ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀ፣ ያለፈውን እያሰበ ያደምጣል። ልዩነቱ ሕይወት አንድ ጊዜ ብቻ ስትሆን አልበሙ ተመልሶ መጀመሩ ነው። ቅጂው ሳይለወጥ የሚያደምጠው ሰው ይለወጣል። ስለዚህ በሃያ ዓመቱ የጊዜን ማለፍ እንደ ማስጠንቀቂያ የሰማው ሰው በሃምሳ ዓመቱ እንደ ምስክርነት ይሰማዋል። አልበሙ አድማጩ የራሱን መለወጥ የሚለካበት ቋሚ ነጥብ ይሆናል።

ለዚህ ግን ሥራው ለአድማጩ ቦታ መተው አለበት። የመጀመሪያውን ገጽ የሚዘጋው የባንዱ አባል የሪቻርድ ራይት ዜማ ነው፤ ድምፃዊት ክሌር ቶሪ ያለ አንዳች ቃል ታዜምበታለች። ጩኸቷ ፍርሃት ይሁን ኀዘን ወይም ራስን አሳልፎ መስጠት የሚወስን ግጥም የለም። የሙዚቃ ሐያሲው ኤድዋርድ ሃንስሊክ በ1854 ሙዚቃ ብቻውን የተወሰነን ስሜት ሊገልጽ አይችልም ብሎ ነበር፤ ይህ ዜማ ግን ያ አለመወሰን ጉድለት ላይሆን እንደሚችል ያሳያል፤ ክፍተቱን የሚሞላው አድማጩ ነውና። ግጥም ባለበትም እንዲሁ ነው። ስለ እብደት የሚናገረው ዘፈን መነሻው በአእምሮ ጤና ችግር ምክንያት በ1968 ከባንዱ የተለየው መሥራች ሲድ ባሬት ነው። ባሬትን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ግን የራሱን የጠፋ ወዳጅ ያስብበታል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፦ ይህ ሁሉ የወጣትነት ናፍቆት ብቻ ቢሆንስ? የትዝታ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን አብልጠው ያስታውሳሉ። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ሁሉን ግን አያስረዳም። በዚያ ዘመን የተሰሙ ብዙ ዘፈኖች ያለፈውን ቀን አስታውሰው ያልቃሉ፤ የተወደደው አልበም ግን ትዝታውን ከቀሰቀሰ በኋላም ሳይሰማ ያለፈ ነገር ያስገኛል። ፈላስፋው አሌክሳንደር ነሃማስ በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ውበትን ከፍቅር ጋር ያያይዛል፤ ውብ ያልነው ነገር ገና ያላወቅነው እንዳለው እናምናለን፣ ስለዚህም አብረነው መቆየት እንሻለን። አልበሙ በሌላ እኩል ጥሩ አልበም የማይተካውም ለዚህ ነው፤ ሰው ወዳጁን በተመሳሳይ ጠባይ ባለው ሌላ ሰው አይለውጥም።

ደጋግሞ ማድመጥና ስለ ሞት ማሰብ ሲገናኙ አልበሙ የእምነትን ቦታ የያዘ ሊመስል ይችላል። አውጉስጢኖስ በዚያው መጽሐፍ 10ኛ ክፍል ከሚዜመው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን ሲነካው እንደሚፈራ ጽፏል፤ ዜማ ልብን ማንቀሳቀስ ቢችልም ወዴት እንደሚያደርስ በራሱ አይወስንምና። ጸሎት የሚሰማ አካል አለው፣ ሃይማኖትም ስለ ሞት ተስፋ ይሰጣል፤ አልበም ሁለቱንም አይሰጥም። የሚሰጠው ሞትን፣ ጊዜንና ብቸኝነትን ሳይሸሹ የሚያስቡበት ሥርዓት ያለው ሰዓት ነው።

እንግዲህ ዋጋው በሥራው ብቻ ወይም በአድማጩ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል በዓመታት የተገነባ ግንኙነት ውስጥ ይገኛል። ሥራው የሚደጋገም ማድመጥን የሚሸከም ብቃት ያመጣል፤ አድማጩ ዕድሜውን ያመጣል። ብቃቱን ለሌላ ሰው በማስረጃ ማሳየት ይቻላል፤ ዕድሜውን ማካፈል ግን አይቻልም። ከዚህም የተነሣ አልበሙን የሚወድ ሰው ምክንያቱን እየዘረዘረ ሊያስረዳ ቢችልም ማንንም ወደ ፍቅሩ ማስገደድ አይችልም።