«ደረስን?» ለሚል ልጅ ምን ይመለሳል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ ጥያቄያችን ትንሽ ይመስላል። ከመቀሌ አዲስ አበባ ልጅ ይዞ በመኪና የሄደ ሰው ግን ክብደቱን ያውቀዋል። መንገዱ በደሴ በኩል ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ሱብሒ ሰግዳችሁ ትነሳላችሁ፤ ኩይሓን አልፋችሁ ገና አዲ ጉደም ሳትደርሱ ከኋላ ወንበር «ደረስን?» የሚል ድምፅ ይመጣል። መልሱም የታወቀ ነው፦ «አዎ፣ ከዚያ ተራራ ጀርባ ነው፤ ተኛ፣ ስትነቃ ደርሰናል።»

ይህ ውሸት ነው ወይስ አይደለም? ገና ያላገባችሁትም «እኛን አይመለከተንም» አትበሉ። ከኋላ ወንበር ከታናናሾቹ ጋር የሚቀመጠው፣ መልስ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው።

«ልጅ ማባበል ውሸት አይባልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። አቡ ዳውድ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዓሚር የዘገቡት ሐዲሥ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ የምትሰጠው ነገር እንዳለ ነግራ ጠራችው። ረሱሉላህ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ተቀምጠው ነበርና ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር እንደሆነ ነገረቻቸው። ምንም ሳትሰጠው ብትቀር ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ነገሩ ተምር ነው፣ የተነገረውም ለትንሽ ልጅ ነው። ያም ሆኖ በዝምታ አላለፉትም።

እርግጥ ውሸት የሚፈቀድባቸው ቦታዎች በሐዲሥ መጥተዋል፦ የተጣላን ለማስታረቅ፣ በጦርነት፣ በባልና ሚስት መካከል። ዑለሞችም ከባድ ጉዳትን ለመከላከል ስለሚባለው ነገር ተነጋግረዋል። እኔ የምለው፣ «ያ ተራራ ጀርባ ነው» የሚለው ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። ጥቅሙ ለማን ነው ብለን እንጠይቅ። ልጁ ያው ስምንት ሰዓት ይቀመጣል፤ ያረፍነው እኛ ነን። ተራራው ጀርባ ሌላ ተራራ እንዳለ ደግሞ ልጁ በዓይኑ ያያል። አምባላጌ ላይ፣ ማይጨው ላይ፣ ኮረም ላይ የተታለለ ልጅ ማታ ስለ አላህና ስለ አኺራ የምንነግረውን የሚሰማው በዚያው ጆሮው ነው።

ከዚህ የሚብስ ሁለተኛ ነገር አለ። «ዝም በል፣ ኬላው ላይ ያለው ወታደር ይወስድሃል።» ይህን አባባል በሌላ አገር ቀልድ ነው ሊሉት ይችላሉ። በእኛ ከተማ ግን ቀልድ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ድረስ በነበረው ጦርነት መንገዱም ስልኩም ለብዙ ወራት ተቆርጦ ነበር። ደሴ ወይም ከሚሴ ያለች አያቱን በድምፅ እንኳ ሳያውቅ አፉን የፈታ ልጅ አለ። ወታደር ሰው ሲወስድ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ልጅም አለ። ለዚህ ልጅ ያንን ቃል ማንሳት ዝም ያሰኘዋል፤ ዝም ያለው ግን ታግሶ ሳይሆን ፈርቶ ነው።

ሰሓቦች ከረሱሉላህ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ እንቅልፍ ወሰደው። ጓደኞቹ ገመዱን ቢወስዱበት ነቅቶ ደነገጠ። ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት የተነገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህንንም አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ለቀልድ ተብሎ፣ ያውም አዋቂ ሰው ስለደነገጠ ይህ ከተባለ፣ ሆን ብለን የምናስፈራራው የስድስት ዓመት ልጅስ?

«ታዲያ ምን እናድርግ? ልጁ ሰብር የለውም» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ሱረቱል ከህፍን የምትቀሩ እስቲ የሙሳን (ዐ.ሰ) ጉዞ በዚህ ዓይን እዩት። ከወጣት አገልጋያቸው ጋር ረጅም መንገድ ሄዱ፤ ከዚያም ምሳ እንዲያመጣ ጠየቁት፣ ጉዞው እንዳደከማቸውም ተናገሩ። አንድ ነቢይ መንገድ ላይ «ደከመኝ» አሉ። «ደከመኝ» ማለት ሰብርን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይሆን ነበር? ወጣቱም ዓሣውን እንደረሳው ነገራቸው። ሙሳ አልተቆጡትም፤ የመጡበትን ዱካ ተከትለው ተመለሱ። (ማይጨው ቁርስ ቤት ጫማ ስለተረሳ እስከ ኮረም ድረስ የሚቆጣ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ።) ከዚያ ኸዲርን አገኙ። ራሳቸው እስኪነግሯቸው ድረስ እንዳይጠይቁ ቃል አስገቧቸው፤ ሙሳ ግን ሦስት ጊዜ ዝም ማለት አልቻሉም። ምክንያቱን ያላወቁትን ነገር መታገስ ለእርሳቸው እንኳ እንዲህ ከከበደ፣ ለምን እንደሚሄድና መቼ እንደሚደርስ ማንም ያልነገረው ልጅ ሃምሳ ጊዜ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ሌላም አለ። ሙሳፊር ስንሆን አራት ረከዓው ወደ ሁለት ያጥራል፣ ረመዳን ከሆነም ማፍጠር ይፈቀድልናል። ቀስር አላህ ለባሮቹ የሰጠው ሰደቃ እንደሆነ፣ ሰደቃውንም እንድንቀበል በሐዲሥ መጥቷል። አላህ የራሱን ሐቅ ለመንገደኛ ካቀለለ፣ እኛ ከልጁ ላይ ምን አቀለልን? ቤት ውስጥ ያለውን አደብ፣ ያለውን ንጽሕና፣ ያለውን ዝምታ መኪና ውስጥም ሙሉውን እንፈልጋለን። ለእኛ ሩኽሳ አለን፤ ለእርሱ የለውም።

መኪናውን የምትነዱም ልጁ ስላለቀሰ ቶሎ ለመድረስ አትፍጠኑ። ረሱሉላህ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን የጫኑ ግመሎችን በዜማ ይነዳ የነበረውን አንጀሻን ቀስ እንዲል አዘውታል፤ ተሳፋሪዎቹንም በሚሰበር ብርጭቆ መስለዋቸዋል። ግራ ካሕሱ ላይ ከኮረም ወደ አላማጣ ስትወርዱ ይህን አስቡ።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ እውነተኛ መልስ ለልጅ የሚገባ መልስ መሆን አለበት። «ስምንት ሰዓት ቀረን» እውነት ነው፤ ሰዓት ለማያውቅ ልጅ ግን ምንም አይነግረውም። ልጅ የሚለካው በሚያየው ነው። «መጀመሪያ ሐሸንጌ የሚባል ሐይቅ እናያለን። ከዚያ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ታች ስንወርድ ይሞቃል፣ አላማጣ እንገባለን። ከዚያ ቆቦ፣ ከዚያ ወልድያ። ሌላ ሐይቅ ስታይ ደሴ ቀርቧል ማለት ነው፤ እዚያ አያትህ ቤት እናድራለን።» ሲጠይቅ «ሐይቁን አይተሃል?» በሉት። ራሱ ይቆጥራል፣ ታናሹንም ያስተምራል። መንገድ ተዘግቶ ከቆማችሁና መቼ እንደሚከፈት ካላወቃችሁ «አላውቅም፣ እኔም ደክሞኛል» በሉት። ስልክ መስጠትም ሐራም አይደለም፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከሆነ ሐይቁን ማን ያየዋል?

ደሴ ስትገቡ «ግማሹን ጨርሰናል» ልትሉት ትችላላችሁ፤ እውነት ነው። በማግስቱ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ሲያይ መጮሁ አይቀርም፤ ይጩህ። ከዚያ ወዲያ እስከ ደብረ ብርሃን ብርድ ነውና ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ እጃችሁ ላይ ይሁን።