«ሲስተም የለም»

አዲሱ ኮምፒዩተሬ ሳምንት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ ቀጥ አለብኝ። ሰማያዊ ገጽ ድቅን ይላል፤ የጻፍኩት ሁሉ ውኃ በላው። ሻጩን ባፋጥጠው «እኛ ምን እናድርግ? የሲስተሙ ነው» አለኝ።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን ጥሎ በረራዎች ሲሰረዙ፣ ማሻሻያውን ያወጣው ኩባንያ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ታዲያ ጥፋት ባለቤት የሚኖረው ተጎጂው ሲበዛ ብቻ ነው?

ለመፍረድ ስቸኩል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም ቢሮ ሳለሁ ስንቱን ባለጉዳይ «ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ» ብዬ ሸኝቻለሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ሳቅሁባቸው።

አሁን ሰውዬውን እኔም እየፈለግሁት ነው።